ጭንቅላት የምታቀናው እህቴ

በሆስፒታላችን ራጅ ክፍል፣ በጨለማው ክፍል በር ላይ፣ የክፍሉ ራጅ አንሺ እህቴ በነጭ ካርቶን ላይ የሳለቻቸው ጭንቅላቶች ተለጥፈዋል። አዲስ ለሚቀጠሩ ሠራተኞች ማሳያ ናቸው። አንዱ ከጎን የታየ ነው፤ አንዱ አገጩን ቀና አድርጓል፤ ሌላው በጀርባው ተኝቶ አገጩን ወደ ደረቱ ስቧል። የመጨረሻው ግንባሩንና አፍንጫውን የፊልሙ ሰሌዳ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ዓይን አለው፣ ቅንድብ አለው፣ አንገቱም ተጀምሯል። ጆሮ ግን የለውም። እህቴ ዓርብ ከሰዓት ልትስልለት እርሳስ ስትቀርጽ ታካሚ መጣባትና፣ "ሰኞ እጨርሰዋለሁ" ብላ እርሳሱን ጸጉሯ ውስጥ ሰካችው። ሰኞ፣ ጥር 21 ቀን ጠዋት፣ እናታችን ልትቀሰቅሳት ስትገባ አልነቃችም። ሐኪሞቹ ልቧ ነው አሉን።

ጆሮ የሌለው ሥዕል ለሌላው ሰው ትንሽ ጉድለት ሊመስለው ይችላል። ለእሷ ሁሉም ነገር የሚለካው ከጆሮ ነበር። ከዓይን የውጭ ጥግ ተነስቶ እስከ ጆሮ ቀዳዳ የሚሄድ አንድ መስመር አለ። ማንም ፊት ላይ አልተሰመረም፤ እሷ ግን ታየዋለች። ያ መስመር ትንሽ ከዘመመ ወፍራሙ የጆሮ አጥንት ጥላውን ዓይን ላይ ይጥላል። ጭንቅላቱ በጣት ስፋት ወደ ጎን ከዞረ ደግሞ ግራና ቀኙ እኩል አይወጣም፤ ደህናው ጎን የታመመ መስሎ ይታያል። "እጅና እግር ቢያጣምሙትም ይቅር ይላል" ትል ነበር፤ "ጭንቅላት ግን ቂመኛ ነው።"

እኔ የዚሁ ሆስፒታል የመዝገብና የፊልም ክፍል ኃላፊ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሰነድ አያያዝ ነው። ስለ እህቴም ስጽፍ ያየሁትንና የሰማሁትን ለይቼ ነው የምጽፈው፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሌለ ነገር መጨመር እንደሚቀናው አውቃለሁና።

ሠራተኛው "እትዬ አትነቃነቁ" ይላት ነበር። ጨረር ከሚከልለው መስተዋት ጀርባ ገብታ ቁልፉን ከመጫኗ በፊት የምትናገረው ቃል ነው፤ ድምጿ አጭርና ደረቅ ስለነበር በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ለአፍታ ይቆማል። አንድ ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን አንስታ እንደ ሐውልት ቆማ አይቻታለሁ። "እኔን አይደለም እንዴ ያለችው?" አለችኝ።

ቁመቷ አጭር ነበር። ረጃጅም ሰዎችን የምታነሳበት ባለ ሁለት ደረጃ በርጩማ ነበራት፤ ከእሷ በቀር ማንም አይቆምበትም። የማንንም ጭንቅላት ከመንካቷ በፊት እጆቿን ፊልም ማድረቂያው ላይ ታሞቃለች። "ራስዎን ልይዝ ነው" ብላ ታስፈቅዳለች። ሻሽ ያሰረችውን ሴት ሻሿን ራሷ እንድትፈታ ትጠብቃታለች። ሹሩባ የተሠራችው ደግሞ ሹሩባዋ ፊልሙ ላይ ጥላ እየጣለ መፈታት ሲኖርበት፣ ፎቶው ካለቀ በኋላ በር ዘግታ መልሳ ትሠራላት ነበር። እህቴ የምትሠራው ሹሩባ እንኳ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ግን መስመሩ ቀጥ ያለ ነው።

ይሄው ጠባይዋ ከሥራ ውጪም አይተዋትም። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ ከፊታችን የሚሄደውን ሰው በአገጯ እየጠቆመች፣ "ያ ሰውዬ ወደ ግራ ዘንበል ይላል፤ በዚያ ጆሮው ነው የሚተኛው" ትለኛለች። የእኔ ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው ሊያነሳን ሲል ካሜራውን አስቁማ መጥታ ሁለት ጣቷን ከሙሽራዋ ጆሮ ግንድ ላይ አድርጋ አቃናቻት። ያ ፎቶ ዛሬም ሳሎናችን አለ። ባለቤቴ "ስብራት ተፈልጎብኝ የተነሳሁት" ትለዋለች።

እናታችን ደግሞ፣ "ይቺ ልጅ ሰውን ዓይኑን አታየውም፤ ጆሮውን ነው የምታየው። ባል ያጣችውም ለዚህ ነው" ትል ነበር።

"አላጣሁም እማዬ" ትላለች እህቴ። "ቀጥ ያለ አጣሁ እንጂ።"

በመጨረሻው ሳምንቷ የያዛት ጉዳይ የአንድ በያጅ ዓይን ነበር።

በያጁ ዕድሜ ልኩን በርና መስኮት ሲበይድ የኖረ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። የቀኝ ጆሮው መስማት እያቆመ፣ ሲጎነበስም ምድር ይዞርበት ጀምሯል። ሐኪሙ ከጆሮው ጀርባ የሚያድግ ነገር እንዳለ ጠርጥሮ ኤም አር አይ አዘዘለት። ያ በማግኔት የሚሠራ መሣሪያ ያለው ሌላ ከተማ ነው። ተራው የደረሰው ከክረምት ጀምሮ ጠብቆ ለጥር 21 ነበር። ካመለጠው የሚቀጥለው ተራ ከመጪው ክረምት ወዲያ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ያ የሚያድግ ነገር ያን ያህል አይጠብቀንም ብሏል። እንደ እሱ ብረት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ግን ዓይኑ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ አለመኖሩ በራጅ ሳይረጋገጥ መሣሪያው ውስጥ አይገባም። ፍንጣሪ ካለ ማግኔቱ ይስበዋል፤ ሲስበውም ዓይኑን ቀድዶ ነው የሚሄደው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሁለት ፊልም ይነሳል፦ አንዱ ታካሚው ወደ ላይ እያየ፣ ሌላው ወደ ታች እያየ። ጭንቅላቱ ንቅንቅ አይልም፤ ዓይኑ ብቻ ነው የሚዞረው። ፊልሙ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየና ባለበት ከቆመ የፊልም መያዣው ካሴት አቧራ ነው፣ ወይም አጥንት ላይ ያለ ነገር። ከዓይኑ ጋር ከሄደ ዓይን ውስጥ ነው።

በያጁ ሰኞ ጥር 14 መጣ። እህቴ ግንባሩንና አፍንጫውን ሰሌዳው ላይ ልታስደግፈው አንገቱን ስታጎነብሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰሌዳውን ያዘ።

"ዞረብኝ። እህት ዓለም፣ ልወድቅ ነው!"

"ይተው፣ ይተው። ቀና ይበሉ። አገጭዎን እናስደግፋለን፤ በዚያም ይነሳል።"

አገጩን አስደግፋ፣ ፊቱን ቀና አድርጋ አነሳችው። በሁለቱም ፊልም ላይ ከቀኝ ዓይኑ ጉድጓድ በላይኛው በኩል የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ ነበረች። ወደ ላይ ባየበት ፊልም ላይ ነጥቧ ከፍ ብላለች።

ፊልም የሚያነብልን ዶክተር ሁለቱን መብራቱ ላይ ሰቅሎ ደጋግሞ ለካ። "ሄዳለች" አለ። "ዓይን ውስጥ ናት። ልፈርም አልችልም።" የዓይን ሐኪሙም ዓይኑን በመብራት መርምሮ ምንም አላገኘም፤ ግን እሱም "የለም ብዬ አልምልልህም" ነው ያለው።

በያጁ ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። ከመዝገብ ክፍሌ መስኮት ይሰማኝ ነበር።

"ዕድሜ ልኬን ብረት ስቆርጥ፣ ብረቱም ለካ እኔ ቤት ገብቷል።"

"መነጽር አድርግ ስልህ!"

"መነጽር አድርጌ ምኑን ላየው?"

"ይኸው አየኸው!" አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እያለቀሰች መሰለኝ፤ ስትገልጠው ግን ሁለቱም እየሳቁ ነበር። ሳቁ ብዙም አልቆየም። እሱ እጁን ማየት ጀመረ፤ እሷም በማይሰማው ጆሮው በኩል ተቀምጣ እንደነበር ትዝ አላትና ተነስታ ዞራ ተቀመጠች።

እህቴ ማክሰኞን በሙሉ ካሴቶቿን ስትወለውል ዋለች። አቧራ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ አቧራ አይሄድም። ግን እጇ ሥራ ይፈልግ ነበር። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሁለቱን ፊልም ይዛ እኔ ክፍል መጣች። ምሳዋን ከፈተች፣ መልሳ ከደነችው።

"አንተ፣ ጭንቅላትህን አምጣ" አለችኝ።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ተማሪ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ የምትለማመደው በእኔ ጭንቅላት ነው። "ከነአንገቱ ነው የሚመጣው" አልኳት።

"ግድ የለም፣ አንገትህም ይምጣ።"

አገጬን የፋይል ሣጥኑ ጠርዝ ላይ አስደገፈችና ጣቷን ቅንድቤ ላይ አሳረፈች። "ወደ ላይ እይ። በዓይንህ ብቻ።"

አየሁ።

"ቅንድብህ ምን ሊያደርግ ወጣ?"

"ዓይኔን ተከትሎ ነዋ።"

"ማን ጠራው?"

"እኔ እንጃ! ሁልጊዜ እንደዚሁ ነው። አንቺስ ወደ ላይ ስታዪ አይወጣም?"

ጭንቅላቴን ጎነበስ አድርጋ ግንባሬን ከቀዝቃዛው ብረት ጋር አጣበቀችው። "አሁን እይ።" ወደ ላይ አየሁ። የግንባሬ ቆዳ ብረቱ ላይ ተይዞ ቀረ፤ ቅንድቤ ንቅንቅ አላለም። ጣቷን ሳታነሳ ለረጅም ጊዜ ቆየች። ግንባሬ እየቀዘቀዘ መጣ።

"ያን ቀን ግንባሩ አየር ላይ ነበር" አለች በመጨረሻ። "አዘንኩለትና አገጩን አስደገፍኩት። ወደ ላይ ሲያይ ቅንድቡ ወጣ። ነጥቧ ቆዳው ውስጥ ብትሆንስ?" ፊልሞቹን አንስታ ወጣች።

"ምሳሽስ?"

"ብላልኝ!"

ዶክተሩ ዘንድ ስትገባ አብሬያት ነበርኩ። አላድበሰበሰችም፤ ስህተቱ የእሷ መሆኑን ነገረችው። እሱም አልተቆጣም። የፈራው ሰውዬውን እንደገና ጨረር ውስጥ ማስገባቱን ነበር።

"ግንባሩን ሲያስደግፍ ይዞርበታል ብለሽኝ የለም እንዴ?"

"ይዞርበታል።"

"ታዲያ?"

"ትንሽ ከታገሱት ጋብ ይላል፤ ያን ቀን አልታገስኩትም።"

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "ሦስት ፊልም። ከዚያ በላይ ብትለምኚኝም አልፈቅድም።"

ሐሙስ ጠዋት በያጁ ከነሚስቱ መጣ። እኔም የታጠበውን ፊልም ለዶክተሩ እንዳደርስ ጠርታኝ ከመስተዋቱ ጀርባ ቆሜያለሁ። እህቴ በርጩማዋን ስባ ከፊቱ ተቀመጠችና ነገሩን አንድ በአንድ ነገረችው። "ያን ቀን ስላዘንኩልዎ ነው የጎዳሁዎት" አለችው።

"እንግዲያው ዛሬ አይዘኑልኝ" አለ በያጁ።

ሚስቱ ከበሩ ብቅ ብላ፣ "እሱ ካለቀሰ እኔን ጥሩኝ" አለችና ወጥታ ዘጋችው።

እህቴ እጆቿን አሙቃ ራሱን ያዘች። ቀስ ብላ አጎነበሰችው። ግንባሩ ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ ጣቶቹ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጠው ነጡ።

"ዞረ?"

"ኧረ ዞረ!"

"ይዙር። ሲደክመው ይቆማል። ትንፋሽዎን ብቻ ይከተሉ።"

ቆሙ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ጨረር የሚከላከል የእርሳስ መደረቢያ እያየሁ ጠበቅሁ። በያጁ አንዴ አቃሰተ፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሰሌዳው ላይ ወረደ። እህቴ በጥጥ ጠረገችለት፤ እጇ ግን ከራሱ አልተነሳም። በኋላ ትከሻው ቀስ እያለ ወረደ።

"ጋብ አለ" አለ።

ሁለት ጣቶቿን በሁለቱ ጆሮዎቹ ላይ አድርጋ ከሰሌዳው ያላቸውን ርቀት አመሳሰለች። ከዓይኑ ጥግ እስከ ጆሮው ያለችውን መስመሯን አየች፤ አገጩን በጣም በትንሹ ሳበችው። የጆሮው አጥንት ጥላ ከዓይኑ በታች እንዲወድቅ ጨረሩ የሚወጣበትን ቱቦ ከኋላው ወደ ታች አዘነበለች። ራሱን በጨርቅ ማሰሪያ ከሰሌዳው ጋር አሰረችው። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና በመስተዋቱ አሻግራ አየችው።

"ወደ ላይ ይዩ። በዓይንዎ ብቻ። ቅንድብዎ እቤቱ ይቀመጥ። አትነቃነቁ!"

ቁልፉን ጫነች። ካሴት ቀየረች። "ወደ ታች ይዩ። አትነቃነቁ!" ሦስተኛውን በጎኑ አዙራ፣ ጨረሩን ቀንሳ አነሳችው፤ ቆዳው ከአጥንቱ ተለይቶ እንዲታይ።

ፊልሞቹን ገና እርጥብ እንዳሉ ይዤ ሮጥኩ። ዶክተሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ መብራቱ ላይ ያዛቸው። ነጥቦቹ ተገጣጥመው አንድ ሆኑ። ሦስተኛውን ሰቀለው። ነጥቧ ከዓይኑ ኳስ ፊት ለፊት፣ ከአጥንቱም ውጪ፣ ቅንድቡ ሥር ቆዳው ውስጥ ተቀምጣለች። ዶክተሩ ተነስቶ ራጅ ክፍል ገባና አውራ ጣቱን የበያጁ ቅንድብ ሥር አሳረፈ።

"ይሄ የሚሻክረው ምንድን ነው?"

"እሱማ ኪንታሮት ነው፤ የቆየ ነው።"

"የምን የቆየ!" አለች ሚስቱ ከበሩ። "አምና የቆርቆሮ ቤቱን በር ስትቆርጥ ፍንጣሪ የመታህ አይደል? ደሙን በማን ሻሽ ነው የጠረግነው?"

እህቴ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። ሌላ ነገር አላደረገችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወለሉን ታይ ነበር፤ ዶክተሩ ሲያልፍ ትከሻዋን ነካ አድርጓት ወጣ።

ዓርብ ጠዋት የዓይን ሐኪሙ አደንዝዞ ፍንጣሪዋን አወጣት። ከሰዓት እህቴ ሥዕሏ ላይ ቁጭ ባለችበት ቅንድቡ ላይ ፋሻ አድርጎ የመጣው ታካሚ በያጁ ነበር፤ ፍንጣሪዋ መውጣቷን ለሚያረጋግጠው የመጨረሻ ፊልም። ዶክተሩ ከሌላ ሆስፒታል ተመልሶ የፈረመበት ቅዳሜ ሲመሽ ነው። በያጁ እሑድ ማለዳ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ቤቱም ከከተማው ዳር ነው። ፖስታውን አሽጌ ለእህቴ ሰጠኋትና፣ "እንዴት ሊደርስለት ነው?" አልኳት።

"መነኸሪያው ለእኔ ሩቅ አይደለም። ጠዋት አደርስለታለሁ።"

በያጁ በተቀጠረለት ቀን መሣሪያው ውስጥ ገብቷል። ከጆሮው ጀርባ ያለው ነገር ታይቷል፤ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮም ተይዞለታል። ሁለቱም ዓይኖቹ ደህና ናቸው። ይህን በያጁና ሚስቱ የነገሩኝ ለለቅሶ ሲመጡ ነው።

የእሑዱን ጠዋት እኔ አላየሁም። የምጽፈው የበያጁ ሚስት እንደነገረችኝ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት፣ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ነገረችኝ።

መነኸሪያው ገና አልሞላም ነበር። እህቴ ፖስታውን በሁለት ካርቶን መካከል አድርጋ፣ በክር አስራ፣ ደረቷ ላይ ይዛው መጣች። ረዳቱ አየውና ከሻንጣው ጋር ጣራ ላይ ሊጭነው እጁን ዘረጋ።

"እሱ ከላይ ነው የሚሄደው፣ እናቴ። ስፋቱን አታዪም?"

"ከፈለግህ ሰውዬውን ጣራ ላይ ጫነው" አለችው። "ይሄ ከውስጥ ነው የሚሄደው።"

"እኔን?" አለ በያጁ ከመስኮቱ።

"አንተ አትታጠፍም!" አለችው ሚስቱ። "ይሄ ግን ይታጠፋል።"

ረዳቱ ሳቀና መንገድ ለቀቀላት። እህቴ ወጥታ በያጁን ፈልጋ ወንበሩ አጠገብ ቆመች። ፖስታውን በመስኮቱና በጉልበቱ መካከል አቆመችው፤ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ ጠየቀችና ወደ ሌላኛው መስኮት እንዲቀየር አደረገችው፣ ሙቀት እንዳያገኘው። የፋሻውን ጠርዝ አየች። ሲደርስ ፖስታውን ለማን እንደሚሰጥ ነገረችው፤ እሱም መልሶ እንዲነግራት አደረገች። በማይሰማው ጆሮው በኩል ቆማ ስለነበር ዞራ ሁለተኛ ነገረችው።

አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ ወረደች። ባሏን ሸኝታ የቀረችው የበያጁ ሚስት፣ "ቤትሽ ድረስ ላድርስሽ" አለቻት፤ እህቴ ግን ለእናታችን መድኃኒት እንደምትገዛ ነግራት አሰናበተቻት። ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገረችኝ እናታችን ናት፦ መድኃኒት ቤቱ አልተከፈተም ነበርና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሲከፈት ገዝታ፣ ቤት መጥታ፣ ለእናታችን ከውሃ ጋር ሰጠቻት።